«ቤት ይቆዩ» ሲባል ቤታችን ጎማ ላይ ነበር

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን የማነበው እናቴ ቤት ነው። ከሐበሻ ሱቅ እንጀራ ስትገዛ አብራ ታመጣዋለች፤ እኔ ቅዳሜ ስሄድ ከቡናው ጋር አነበዋለሁ። ባለፈው እትም በመኪና ውስጥ ስለሚኖሩ ወጣቶች የወጣውን ጽሑፍም እዚያው ሶፋ ላይ ሆኜ ነው የጨረስኩት። ጸሐፊው ብዕራቸው ጥሩ ነው። አንድ ሁለት ቦታ ላይ ስቄያለሁ። የኮሮናን ጊዜ ሲያነሱ ግን፣ ሌላው ሕዝብ በሩን ዘግቶ ሲጨነቅ እነዚህ ልጆች በየተራራው ሲዝናኑ ከረሙ ብለው በሁለት መስመር አለፉት።

እኔ ከ«እነዚህ ልጆች» አንዷ ነበርኩ። ልጅ እንኳን አልነበርኩም፤ ያኔም ሠላሳን አልፌ ነበር። ቦታ ከሰጣችሁኝ የነበረውን ልንገራችሁ።

አዲስ አበባ ተወልጄ በልጅነቴ ነው ሎስ አንጀለስ የመጣሁት። ሥራዬ ምግብ ማብሰል ነው። ከሥራ ውጭ ያለኝን ጊዜ ሁሉ የሚወስደው ደግሞ ክላይምቢንግ፣ ማለትም ድንጋይ መውጣት ነው። በገመድ የሚወጣ አለ፤ ያለ ገመድም የሚወጣ አለ። እኔ የምወደው ያለ ገመዱን ነው፤ ቦልደሪንግ ይሉታል። ትልልቅ ቋጥኝ ላይ በእጅና በእግር ብቻ ትወጣለህ፤ ከወደቅክ የሚቀበልህ ወፍራም ፍራሽ ከታች ይነጠፋል። ለእናቴ ይህን ያስረዳኋት ቀን የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ላይ ምን አለ?» የሚል ነበር። ምንም የለም አልኳት። ክፉኛ ደነገጠች። እሷ የምታውቀው ገደል መውጣት ደብረ ዳሞን ነው፤ መነኮሳቱ በጠፍር ተጎትተው የሚወጡበትን። ወይም ገርዓልታ ያለውን አቡነ የማታን፤ ምእመኑ ጫማውን አውልቆ ገደሉን እየቧጠጠ የሚሳለምበትን። ላይ ታቦት ካለ ይገባታል። ላይ ምንም ከሌለ ልጇ ለምን ትወጣለች? እስከ ዛሬ የሚያጠግብ መልስ አልሰጠኋትም።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ለእኛ ዓይነቱ ሰው ዋናው ከተማ ቢሾፕ ነው። (እናቴ ለዘመድ ስታወራ «ቢሾፍቱ ናት» ትላለች። ማረሙን ትቼዋለሁ።) ከሎስ አንጀለስ በ395 አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን ግማሽ ቀን ሊሞላ ትንሽ የቀረው መንገድ ነው። የከተማው ሕዝብ 4 ሺህ አይሞላም። በምዕራብ በኩል የሴራ ኔቫዳ ተራሮች በረዶ ለብሰው ይታያሉ፤ በምሥራቅ ደግሞ ዋይት ማውንቴንስ አሉ። በመሐል የኦወንስ ሸለቆ ነው፤ ደረቅ፣ ቁጥቋጦ ብቻ የሚያበቅል ሜዳ። ወደ ሴራው ጥግ ሲጠጉ በተርሚልክስ የሚባለው ቦታ ይደረሳል። ቋጥኞቹ ቤት ያክላሉ፤ ባለ ፎቅ ቤት የሚያክሉም አሉ። ከመኸር እስከ ጸደይ ከየአገሩ ሰው ይመጣል፤ ከጃፓን ሳይቀር።

ቢሾፕ ውስጥ ኪራይ ቤት ማግኘት ጣር ነው። ምክንያቱን ብዙ ሰው አያውቀውም። በከተማው ዙሪያ ያለው አብዛኛው መሬት የሎስ አንጀለስ ከተማ የውሃና መብራት መሥሪያ ቤት ነው፤ የቀረው ደግሞ የፌደራል መንግሥቱ። የሸለቆው ውሃ ከ1913 ጀምሮ በቦይ ወደ ሎስ አንጀለስ ይሄዳል፤ መሬቱም የተገዛው ለውሃው ነው። ስለዚህ ከተማው ወደ ጎን አይሰፋም፤ ቤት አይሠራበትም። ያለችው ትንሽ ክፍል ደግሞ ለቱሪስት በአዳር ትከራያለች። ምግብ የሚያበስለው፣ ሆቴል የሚያጸዳው፣ ቡና የሚቀዳው ሰው የት ይደር? ብዙዎቻችን ቫን ውስጥ ነበርን። እኔ እዚያ አንድ ምግብ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። የማድረው አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ሲያረጅበት በሸጠልኝ ፎርድ ኢኮኖላይን ውስጥ ነው። ወድጄ ነው? አዎ፣ ወድጄ ነው። የምከፍለው ኪራይ ቢኖረኝ ኖሮስ እንዲህ እወደው ነበር? እሱን እኔም አላውቀውም።

አሁን ጸሐፊው ያልታያቸው ነገር ላይ ደረስኩ። ቫን ሙሉ ቤት አይደለም። ቫን መኝታ ቤት ነው፤ ቢበዛ ባለ ሁለት ምድጃ የጋዝ ማብሰያ ያለው መኝታ ቤት። የቀረው ቤታችን በከተማው ተበትኖ ነው የሚገኘው። ሻወራችን ጂም ውስጥ ነው። ሳሎናችን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ሙቀቱም ኢንተርኔቱም እዚያ ነው። ሽንት ቤታችን ፓርክ ወይም ነዳጅ ማደያ ነው። ቧንቧችንም እንደዚያው። ፖስታችን የሰው አድራሻ ጋ ነው። የቫን ኑሮን በኢንስታግራም የሚያሳዩት ልጆች በሩን ከፍተው ተራራውን ያሳዩሃል እንጂ ጠዋት ሽንት ቤት ፍለጋ መሪ ጨብጠው ሲነዱ አያሳዩህም።

ማርች 11 ቀን 2020 የዓለም ጤና ድርጅት ወረርሽኝ ብሎ አወጀ። ማርች 19 የካሊፎርኒያው ገዥ ጋቪን ኒውሰም ሁሉም ቤቱ ይቆይ አሉ። በእነዚያ ጥቂት ቀናት ውስጥ ቤቴ ክፍል በክፍል ተወሰደ። ጂሙ ተዘጋ። ቤተ መጻሕፍቱ ተዘጋ። ምግብ ቤቱ ተዘግቶ ምግብ ይዞ መሄድ ብቻ ተፈቀደ፤ ለዚያ ደግሞ ባለቤቱና ሚስቱ ይበቁ ነበር። የፓርኩ ሽንት ቤት በር ላይ ወረቀት ተለጠፈ። አንድ ማለዳ ጀሪካኔን ይዤ ወደ ለመድኩት ቧንቧ ስሄድ እጀታው ተፈትቶ ተወስዷል። እጅ ታጠቡ በሚባልበት ሳምንት ማለት ነው።

ቀጥሎ የመጣው «ተመለሱ» የሚለው ጥሪ ነው። ለመንገደኛው ሲሆን ጥሪው ትክክል ነበር፤ ይህን ያለ ማንገራገር እላለሁ። ሥራ ሲቆምና ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከትልልቁ ከተማ ብዙ ሰው «በዚህ አጋጣሚ ድንጋይ እንውጣ» ብሎ ወደ ትንንሾቹ ከተሞች ጎረፈ። ዩታ ውስጥ ሞአብ የሚባለው ከተማ ሆስፒታሉ ያለው 17 አልጋ ነው፤ ጎብኚ እንዳይገባ ገና በማርች አጋማሽ ካምፑንም ሆቴሉንም ዘጉ። የቢሾፕ ሆስፒታል 25 አልጋ ነው ያለው። ከዚያ ከባሰብህ ወደ ሬኖ ወይም ወደ ሎስ አንጀለስ ነው የምትወሰደው፤ ሁለቱም ሩቅ ናቸው። አጠገቡ ፓዩት የሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝብ መንደር አለ፤ አዛውንቶቹ በሽታው ከገባ እንደሚያልቁ ያውቃሉ። ዮሴሚቲ የሚባለው ብሔራዊ ፓርክ ማርች 20 ተዘጋ። አክሰስ ፈንድ የሚባለው የክላይምበሮች ማኅበር እንኳ አባላቱን አትጓዙ፣ ባላችሁበት ቆዩ አለ። ብዙ ሰው ሰማ። በሳምንት ውስጥ ከኦሪገን፣ ከኮሎራዶ የመጡት ቫኖች እየተነሱ ሄዱ።

የቀረነው እኛ ነን። እዚያው ሠርተን እዚያው የምናድር፣ ግን የቤት ቁጥር የሌለን።

ለእናቴ ደወልኩ። እናቴ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነርስ ረዳት ናት። ይህ የሐበሻ እናቶች ሥራ መሆኑን ለእናንተ አልነግራችሁም። ያን ሰሞን እዚያ ቤት ውስጥ አረጋውያን መታመም ጀምረው ነበር፤ ማስክ ደግሞ አንዱን ለሳምንት እንድትጠቀምበት ተሰጥቷታል። አባቴ ስኳር አለበት። ከሥራ ስትመለስ ልብሷን በረንዳ ላይ አውልቃ፣ ታጥባ፣ ሳሎን ፍራሽ ዘርግታ ለብቻዋ ትተኛለች። አባቴ መኝታ ቤት ነው። ሁለት ክፍል ብቻ ነው ያለው። «ልምጣ?» አልኳት። ዝም አለች። እናቴ በስልክ ዝም ብላ አታውቅም። ከዚያ «አትምጪ ልጄ» አለችኝ። «ከእኔ ይዘሽ ትሄጃለሽ። ወይ አንቺ ለአባትሽ ታመጪበታለሽ። እዚያው ንጹሕ አየር ላይ ሁኚልኝ።» ስልኩን ዘግቼ መሪው ጋ ብዙ ተቀመጥኩ። ሐበሻ እናት ልጇን አትምጪ የምትልበት ቀን መጣ ማለት ነው። እሷ ከእኔ ይልቅ እንደከበዳት በኋላ አባቴ ነገረኝ።

ነገሩ ከሁሉ ቀድሞ የገባት አክስቴ ናት፤ አዲስ አበባ ያለችው። ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው ታማሚ የተገኘው ማርች 13 ነው፤ ከዚያ ወዲህ እዚያም «ቤት ይቆዩ» በሬዲዮ ይነገር ነበር። አክስቴ የምትኖረው የቀበሌ ቤት ነው። ሽንት ቤቱ ለግቢው ሁሉ አንድ ነው፤ ቧንቧውም ግቢ ውስጥ ነው፣ ውሃም በፈረቃ ይመጣል። «ቤት መቆየቱንስ እንቆይ» አለችኝ፣ «ሽንት ቤቱ ነው እንጂ ቤት የማያስቆየን።» ሎስ አንጀለስ ያሉ ጓደኞቼ ሲያዝኑልኝም ሲቀኑብኝም ሰንብተዋል። እሷ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው።

እኔም ከከተማው ወጣ ብዬ ቮልካኒክ ቴብልላንድ በሚባለው ሜዳ ላይ ቆምኩ። የፌደራል መንግሥት መሬት ነው፤ ያለ ክፍያ ማደር ይቻላል። ሕጉ ግን በአንድ ቦታ ከ14 ቀን በላይ አይፈቅድም፤ ከዚያ ተነሥተህ ራቅ ማለት አለብህ። ሰው አገር ሠርቶ እንዳይቀመጥበት የወጣ ሕግ ነው፤ በደህናው ጊዜ ምክንያት አለው። ያን ጊዜ የጤና ሰዎች ደግሞ ምን ይሉ ነበር? ከታመመ ሰው ጋር ከተገናኘህ 14 ቀን ከቦታህ አትንቀሳቀስ። አንዱ መሥሪያ ቤት 14 ቀን ሲሞላህ ተነሥ ይልሃል፤ ሌላው 14 ቀን እንዳትነሣ ይልሃል። ሁለቱም ወረቀት በመኪናዬ ዳሽቦርድ ላይ ጎን ለጎን ነበሩ።

አንድ ማታ በሩ ተንኳኳ። ብቻዋን የምታድር ጥቁር ሴት በሯ በማታ ሲንኳኳ ምን እንደሚሰማት ለአንባቢ ለማስረዳት አልደክምም። መብራት አበራሁ፣ እጆቼን አሳየሁ፣ መስኮቱን ትንሽ ከፈትኩ። ፖሊሱ ማስክ አድርጓል፤ ወደኋላም ራቅ ብሎ ቆሟል። ጨዋ ሰው ነበር። «ወደ ቤትሽ መሄድ አለብሽ» አለኝ። ቤቴ ይህ ነው አልኩት። «ማለቴ፣ ወደምትኖሪበት።» እዚሁ ከተማ ነው የምሠራው፣ የምኖረውም እዚህ ነው አልኩት። የምግብ ቤቱን ስም ነገርኩት፤ ያውቀዋል፤ ምሳ በልቶበታል። ትንሽ አሰበ። መንጃ ፈቃዴን አየ፤ የእናቴ አድራሻ ነው ያለበት። «ታዲያ እዚህ ሂጂ» አለኝ። እናቴ ያለችኝን ነገርኩት። መልስ አልነበረውም። ክፉ ሰው ስላልሆነ ነው መልስ ያጣው፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ መልስ አያጣም ነበር። በወረቀቱ ላይ «ቤት ያለው» እና «ቤት የሌለው» የሚል ብቻ ነው የተጻፈለት። እኔ ከሁለቱም አይደለሁም።

መዝናናቱን በተመለከተ፣ ጸሐፊውን ላስደስታቸው፤ ድንጋይ አልወጣሁም። ቋጥኞቹ በመስኮቴ ይታያሉ። ቀኑ ደግሞ ለመውጣት ምርጥ ነው፤ ብርዱም ፀሐዩም ልክ። ግን ከዚያ ወድቄ ቁርጭምጭሚቴ ቢሰበር የምይዘው ከ25ቱ አንዱን አልጋ ነው። ተሸክመው የሚያወርዱኝ የነፍስ አድን ሰዎችም በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ቤታቸው ልጅና አዛውንት ያላቸው። ስለዚህ ከኋላ በሩ ላይ የጣት መለማመጃ እንጨት ሰቅዬ እንደ ሌሊት ወፍ እንጠለጠል ነበር። ተጋፍተው የወጡም ነበሩ፤ አልዋሽም። እነሱ ላይ የተናደድኩትን ያህል በማንም አልተናደድኩም፤ ፖሊሱ የእነሱን ጥፋት ይዞ ነው የእኔን በር የሚያንኳኳው።

ኑሮው ራሱ እንዴት ነበር? ማርች ላይ ቢሾፕ ሌሊት ውሃ ይረጋል። ማሞቂያ ስለሌለኝ በሁለት ስሊፒንግ ባግ ነው የምተኛው። ጋዙን ለማሞቂያ ማቃጠል አይቻልም፤ ጭሱ ሽታ ሳይኖረው ይገድላል። ስታበስል እንኳ መስኮት መክፈት አለብህ። ጠዋት ትንፋሽህ ጣሪያው ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። እጅ 20 ሴኮንድ ታጠቡ ይባላል፤ 20 ሴኮንድ ከቧንቧ ስር ምንም አይደለም፤ ከጀሪካን ሲሆን ግን ውሃው ሲያልቅ ይታይሃል። እማዬ በልጅነቴ በጆግ እንደምታስታጥበኝ፣ በግራዬ እየቀዳሁ በቀኜ መታጠብ ተማርኩ። ሽንት ቤቱ ባልዲ ነው፤ ዱቄት ያለው ልዩ ከረጢት ይገባበታል። ከዚህ በላይ ዝርዝር ጋዜጣ ላይ አይወጣም።

ያተረፈኝ ፖስታ ቤት ነው። እሱ አልተዘጋም። አሜሪካ ውስጥ ጄኔራል ዴሊቨሪ የሚባል ያረጀ አገልግሎት አለ፤ አድራሻ የሌለው ሰው ስሙን ብቻ አስጽፎ ዕቃው ፖስታ ቤቱ ውስጥ ይቆይለታል፤ መታወቂያ አሳይቶ ይወስዳል። እናቴ ይህን ስትሰማ ሕይወት ዘራች። አትምጪ ያለችኝን በካርቶን ካሰችኝ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ጭኮ በንጥር ቅቤ ተለውሶ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ድርቆሽ። ለካ ድርቆሽ የተፈጠረው ለቫን ነው! ፍሪጅ አይፈልግም፣ አይሻግትም፣ ቦታ አይዝም። ሽንኩርትና በርበሬ አቁላልተህ ትንሽ ውሃ ጨምረህ ድርቆሹን ስትሰባብርበት በአሥር ደቂቃ ፍርፍር ነው። አያቶቻችን ለዘመቻና ለሩቅ መንገድ ይህን ስንቅ ይዘው ሲሄዱ ምን እንደሚያደርጉ ያውቁ ነበር። ካርቶኑን ስከፍት ፖስታ ቤቱ በራፍ ላይ የቆመች ሴት በማስኳ ውስጥ የበርበሬው ሽታ ደርሷት አስነጠሳት። በዚያ ሰሞን በአደባባይ ማስነጠስ ምን ማለት እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ወረፋው በአንዴ ተበተነ።

ገንዘቡስ? መንግሥት ለአንድ ሰው 1,200 ዶላር ሰጠ፤ ሥራ ላጣ ደግሞ በሳምንት 600 ዶላር ተጨማሪ እስከ ጁላይ መጨረሻ። ኪራይ ስለሌለብኝ በቃኝ፤ ለቤትም ላክሁ። እዚህ ላይ ቫኑ ጠቅሞኛል፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ኪራይ መክፈል አቅቷቸው ሌሊቱን ሲገላበጡ ያደሩ ጓደኞች ነበሩኝ።

ከሜዳው ያነሣኝ አንድ አሮጊት ነጭ ሴት ናቸው። ምግብ ቤቱ ደንበኛ ነበሩ፤ ሾርባቸውን ጨው ሳላበዛ እሠራላቸው ስለነበር ያውቁኛል። ዕድሜያቸው ከ70 አልፏል፣ ሳምባቸው ደካማ ነው፣ ሱቅ መግባት ፈርተዋል። በጎን በኩል ግቢ አላቸው፤ ጋራዡ ጋ ሽንት ቤትና የአትክልት ማጠጫ ቧንቧ አለ። መኪናሽን እዚህ አቁሚ፣ አስቤዛዬን አንቺ ግዢልኝ አሉ። በዚህ ተስማማን። ቤታቸው ውስጥ አልገባሁም። ዕቃውን በረንዳ ላይ አስቀምጣለሁ፤ እሳቸው ገንዘቡን በፖስታ ውስጥ ድንጋይ ተጭኖበት ይተዉልኛል። ቡና በመስኮት እያየን ጠጥተናል፤ እኔ ከውጭ፣ እሳቸው ከውስጥ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ለማንም ስጋት አልነበርኩም። ይህን ልብ በሉልኝ። ያው ሰው ነኝ፣ ያው ቫን ነው፣ ያው በሽታ ነው። የተጨመረው አንድ ቧንቧና አንድ ሽንት ቤት ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ውሃ ለመቅዳት፣ ለሽንት ቤት፣ ስልክ ለመሙላት በቀን ስንት በር ስነካ፣ ስንት ሰው አጠገብ ስቆም ነበር። «ቤት ይቆዩ» የተባለውን ማክበር የቻልኩት የምቆይበት ስላገኘሁ ነው።

ይህ የእኔ ፍልስፍና አይደለም። የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ በዚያው በ2020 ለከተሞች ባወጣው መመሪያ ተጽፏል። ለየብቻ የሚያርፉበት ክፍል ካልተገኘ፣ ደጅ የሚያድሩ ሰዎችን ካሉበት አታስነሡ፤ ብታስነሡ ይበተናሉ፣ በሽታውም አብሮ ይበተናል ይላል። በአቅራቢያቸው ያሉ ሽንት ቤቶች ቧንቧቸው እንዲሠራ፣ ሳሙና እንዲኖራቸው፣ 24 ሰዓት ክፍት እንዲሆኑ ይላል። ብዙ ቦታ የተደረገው ተቃራኒው ነው፤ መጀመሪያ የተቆለፈው ሽንት ቤቱ ነው። ቁልፉን የያዘው ሰው መመሪያውን አላነበበውም መሰለኝ።

ሴፕቴምበር ላይ ከግቢው ወጣሁ፤ ያስወጣኝ ግን ኮሮና አይደለም። ክሪክ ፋየር የሚባለው ሰደድ እሳት ከተራራው ማዶ ተነሣና ጭሱ ሸለቆውን ሞላው፤ የካሊፎርኒያ ብሔራዊ ደኖች በሙሉ ተዘጉ። ቫን ጭስ አያግድም። ያን ጊዜ የእናቴ መሥሪያ ቤት በሽታው ጋብ ብሎለት ነበርና ሄድኩ። በዚያው ወር የሕዝብ ቆጠራ ሰዎች ደጅና በመኪና የሚያድሩትን መቁጠር ጀመሩ፤ ኤፕሪል ሊሆን የነበረው በወረርሽኙ ምክንያት ተላልፎ ነው። እኔ በእናቴ አድራሻ ተቆጥሬያለሁ። የቢሾፕ ሕዝብ በእኔ ሒሳብ አንድ ሰው ጎድሎታል።

አሁን ሎስ አንጀለስ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። ቫኑን አልሸጥኩትም፤ አርብ ማታ ወደ 395 ይወጣል። ግን ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝ የእኔ ነገር ብቻ አይደለም።

ጸሐፊው ስለ መኪና ኑሮ ሲጽፉ የታያቸው ተራራ ስር ቡና የሚያፈላ ፈረንጅ ወጣት ነው። ከጋዜጣው ማከፋፈያ ሱቅ ሁለት መንገድ አለፍ ብለው በሌሊት ቢሄዱ ሌላ ያዩ ነበር። ፕሪየስ ውስጥ ወንበሩን አጋድሞ የሚተኛ የአገራችን ሰው አውቃለሁ። ቀን ኡበር ይነዳል። ሸሚዙ የተተኮሰ ነው፤ የት እንደሚተኮስለት አልጠየቅኩትም። ኢትዮጵያ ላሉት ልጆቹ በየወሩ ይልካል። እሁድ ቅዳሴ አይቀርም። አብረውት የሚያስቀድሱት ሰዎች መኪና ውስጥ እንደሚያድር አያውቁም፤ እኔ ያወቅኩት የለመደ ዓይን ስላለኝ ነው። የመስኮቱ ውስጥ እርጥበት፣ የኋላ ወንበሩ ላይ የታጠፈው ብርድ ልብስ፣ የጥርስ ብሩሹ በር ኪስ ውስጥ። እኔ ስወድቅ የእናቴ ካርቶን ነበረልኝ፤ ግቢም አገኘሁ። እሱ ማንን ይጠይቅ? ሐበሻ ለሐበሻ መኪና ውስጥ ነው የማድረው ብሎ አይናገርም። በ2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከተሞች ደጅ የሚያድር ሰው ላይ ቅጣት መጣል ይችላሉ ብሎ ከወሰነ ወዲህ ደግሞ ፍርሃቱ ጨምሯል።

ሳንታ ባርባራ ውስጥ ከ2004 ጀምሮ አንድ ቀላል ነገር ይሠራሉ። ሌሊት ባዶ የሚሆኑ የመኪና ማቆሚያዎች፣ የአብያተ ክርስቲያናትም ጭምር፣ መኪና ውስጥ ለሚያድሩ ይከፈታሉ። የተመዘገበ ሰው ማታ ይገባል፣ ጠዋት ይወጣል። ሽንት ቤት አለ። ማንም በር አያንኳኳበትም። ሎስ አንጀለስም ተመሳሳይ አለ፤ ግን ቦታው አይበቃም።

የእኛ ቤተ ክርስቲያኖች ሰፊ ግቢ አላቸው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሌሊት ማንም የለበትም። አምስት መኪና ቢያድርበት ምን ይጎዳል? ሽንት ቤቱ አለ፣ ቧንቧው አለ፣ አጥሩ አለ። ኢንሹራንስ የሚለው ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ የሳንታ ባርባራዎቹ እንዴት እንደፈቱት ደውሎ መጠየቅ ይቻላል። ማን ያያቸዋል የሚለውም ይነሣል። ስም ሳይጠራ፣ ከጀርባ በር በኩል ማስገባት ይቻላል። ማታ ከፍቶ ጠዋት የሚዘጋ ሰው ከጠፋ እኔ ማክሰኞና ሐሙስ ሥራ የለኝም። ስልኬን ለዝግጅት ክፍሉ ልኬዋለሁ፤ የሰበካ ጉባኤ አባል ለሆነ ለማንኛውም ሰው ስጡልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ሎስ አንጀለስ
(ስሜ ለእናቴ ስል ይቆይልኝ)